የተበደለው ሲንበረከክ



በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከአርባ ምንጭ የወጣውን ምስል ብዙዎቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል። በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ከተገደሉትና ከቤታቸው ከተፈናቀሉት መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። መርዶው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ወደ ጎዳና ወጡ። ሐዘኑ ቁጣ ሆነ፤ ቁጣውም የሚያርፍበት ቦታ መፈለግ ጀመረ። በከተማዋ የሚኖሩ፣ ቡራዩ ላይ ለሆነው ነገር እጃቸው የሌለበት የኦሮሞ ወገኖችና ንብረታቸው የበቀል ዒላማ ለመሆን ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። በዚያ ሰዓት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት መሬት ላይ ተንበረከኩ። ለመኑ። ወጣቶቹም ተመለሱ።

ይህን ታሪክ በየመድረኩ ስናወራው የምናደንቀው የሽማግሌዎቹን ጥበብ ነው፤ ማድነቃችንም ደግ ነው። እኔን ግን ለዓመታት ሲቆረቁረኝ የኖረው ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች የበዳይ ወገን አልነበሩም። የሞተው የእነርሱ ልጅ፣ የተፈናቀለው የእነርሱ ዘመድ ነው። የተንበረከኩት ሊለመኑ የሚገባቸው ሰዎች ናቸው።

ወገኖቼ፣ እኛ በየእሑዱ ስለ እርቅ የምንዘምር፣ ስለ መስቀሉ የምንሰብክ ሰዎች እንዲህ ስንንበረከክ የታየነው መቼ ነው? ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የምለውን አስቀድሜ በግልጽ ላስቀምጠው፦ ወንጌልን ስንቀበል ከአባቶቻችን የሽምግልና ሥርዓት ውስጥ መጣል የሚገባንን ጣልን፤ ነገር ግን አብረን ልንጥለው የማይገባንንም ጣልን። የጣልነውን ያህል ደግሞ በምትኩ አልሠራንም።

የደጋው ገበሬና ጠብ

ያደግሁት በጋሞ ደጋ ነው። አገራችንን ለማታውቁት፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተምዕራብ ሽቅብ የሚወጣው ተራራማ አገር ነው። ከቤቱ ጓሮ እንሰት አለ፤ ከእንሰቱ ወዲያ የገብስ ማሳ፤ ከማሳው ወዲያ የጎረቤት ድንበር። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ሰዉ ብዙ ነው። ድንበር በአንድ እርምጃ ቢገፋ ልጆች የሚበሉት ይጎድላል። የአንዱ ከብት የሌላውን ቡቃያ ይበላል። ወንድማማች በአባታቸው መሬት ይጣላል። ጠብ የማይታጣበት ኑሮ ነው።

ነገር ግን ገበሬ ተጣልቶ የትም መሄድ አይችልም። የከተማ ሰው ከጎረቤቱ ቢጣላ ቤት ይቀይራል፤ ገበሬ መሬቱን አንከብልሎ አይወስደውም። ነገ ሲቆፍር፣ ቤት ሲሠራ፣ ሬሳ ሲሸከም የሚፈልገው ያንኑ የተጣላውን ሰው ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ጠብን የሚፈቱበት ሥርዓት ያስፈለጋቸው እንዲያው ደጎች ስለነበሩ ብቻ አይደለም። ያለ እርቅ መኖር ስለማይቻል ነው።

በጋሞ እያንዳንዱ አካባቢ ደሬ ይባላል። ደሬው የሚተዳደርበት ሕግ አለው፤ ዎጋ ይሉታል። ሰዉ የሚሰበሰብበት የታወቀ ሜዳም አለው፤ ዱቡሻ ይባላል። በዱቡሻ ላይ ሽማግሌዎች በምርቃት ይከፍታሉ፦ አገሩ ሰላም ይሁን፣ ዝናቡ ይዝነብ፣ እህሉ ይብቀል፣ ከብቱ ይርባ ብለው። ከዚያ ነገሩ ይነሣል። ተናጋሪው በተራው ይናገራል፤ ሌላው ይሰማል። ችኮላ የለም። ነገሩ ካልጠራ በሌላ ቀን ይቀጥላል። በድምፅ ብልጫ አሸንፎ መሄድም የለም፤ ሁሉም ወደ አንድ አሳብ እስኪመጣ ይወራል። በዎጋው ያጠፋ ሰው ጥፋቱን ይናገራል፣ የበደለውን ይክሳል፣ ይታረቃል። እምቢ ያለ ግን ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለላል። በዚያ አገር ደግሞ ከሰው መገለል ቀላል ቅጣት አይደለም።

ይህ የጋሞ ብቻ አይደለም። ጎረቤታችን ሲዳማ ሐላሌ ብሎ እውነትን የፍርድ ሁሉ መሠረት ያደርጋል። በሰሜኑም ገበሬ ዘንድ ሽማግሌ በመካከል ገብቶ ያስታርቃል፤ እርቅ ደም ያደርቃል የሚለው ተረት ከዚያ ኑሮ የወጣ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰውም ይህን ነገር ያውቀዋል። ቦዔዝ የሩትን ጉዳይ ለመጨረስ የሄደው ወደ ከተማዋ በር ነው፤ አሥር ሽማግሌዎች አስቀምጦ፣ ሕዝቡ እየሰማ ነገሩን ጨረሰ (ሩት 4)። ያ በር የቤተ ልሔም ዱቡሻ ነበር ብል አልተሳሳትኩም።

አባቴ ያሸነፈው ክርክር

አሁን የራሴን ቤት ታሪክ ልንገራችሁ።

አባቴ ጌታን የተቀበለው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ወንጌል ወደ አገራችን የገባው በአብዛኛው ከአጎራባች አገሮች በእግራቸው በመጡ፣ እንደ እኛው ገበሬ በሆኑ ወንጌላውያን አማካይነት ነው። የሰበኩትም ቀጥተኛ ነበር፦ ለመናፍስት አትሠዉ፤ አንድ መሥዋዕት ለሁልጊዜ ተሠውቷል። አባቴ ይህን ሲሰማ ከትልቅ ሸክም ወረደ። በእኛ ዘንድ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ሰው ዎጋውን ሲጥስ ጎሜ ይሆንበታል፤ ሕመም፣ የልጅ ሞት፣ የእህል መጥፋት ከዚያ ይመጣል ተብሎ ይታመናል። አባቴ ከዚያ ፍርሃት በክርስቶስ ነፃ ወጣ። መሥዋዕት ወደሚቀርብበት ነገር ሁሉ ላለመቅረብ ቆረጠ፤ ወደ ዱቡሻ መሄዱንም አብሮ ተወ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጎረቤታችን የድንበሩን ድንጋይ ወደ እኛ እንሰት ገፋው። ሽማግሌዎች አባቴን ወደ ዱቡሻ ጠሩት። አልሄድም አለ። «እኔ የጌታ ነኝ፤ የእናንተ ሸንጎ የመናፍስት ነው» አላቸው። ጉዳዩን ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ወሰደው። ሁለት ዓመት ተመላለሰ። ለመንገድ፣ ለምስክር፣ ለማመልከቻ ጸሐፊ ያወጣው ገንዘብ ከዚያች ቁራጭ መሬት ዋጋ በለጠ። በመጨረሻ ተፈረደለት። በቤታችን የምስጋና ጸሎት ተደረገ። እኔም በደስታ «አሜን» ካሉት አንዱ ነበርኩ።

ፍርድ ቤቱ መሬቱን መለሰልን፤ ጎረቤታችንን ግን አልመለሰልንም። ሁለቱ ቤቶች እሳት መጫጫር ተዉ። የእነርሱ ላም በእኛ ደጅ ወደ ውኃ የምትወርድበት መንገድ ተዘጋ። አያቴ ስትሞት ከዚያ ቤት ለለቅሶ የመጣ ሰው የለም። የአገራችሁን ለቅሶ የምታውቁ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አባቴ በዚያ ቀን መቃብሩ ዳር ቆሞ ወደዚያ ቤት ሲመለከት አይቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደቆየ በትክክል አላስታውስም። አንድ ቀን ጠዋት አባቴ ጤዛ ያለበት ሣር ነጭቶ ከግቢ ወጣ። ተከተልኩት። የተፈረደለት ሰው፣ እውነት የነበረው ሰው፣ ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ በጎረቤታችን ደጃፍ ተንበረከከ።

በእኛ ባህል እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሰው አይታለፍም። ጎረቤታችን ወጣ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ አባቴን በክንዱ ይዞ አነሣውና «ድንጋዩን የገፋሁት እኔ ነኝ» አለ። በፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ያላለውን ቃል በደጁ ላይ በአንድ ትንፋሽ አለው። አባቴም የራሱን ተናገረ። በጸሎት ኅብረት ላይ ስሙን እያነሣ «የጠላት መሣሪያ» ሲለው እንደቆየ ነገረው። ከዚያ ሁለቱም ሽማግሌዎች ጠርተው ነገሩን በሰው ፊት ጨረሱት። የላሟ መንገድ ተከፈተ።

በሚቀጥለው እሑድ ግን በጸሎት ቤታችን ጉምጉምታ ተነሣ፤ ወንድም ወደ ባዕድ አምልኮ ተመልሷል ተባለ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠርተው ጠየቁት። የመለሰላቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ሣሩን ያበቀለው እግዚአብሔር ነው። በግ አላረድኩም። የታረደው ይበቃል» አላቸው።

መጣል የሚገባን

በአባቴ መልስ ውስጥ ትልቅ ማስተዋል አለ፤ ልንለየው የሚገባንን ለይቷል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት፣ የአባቶችን ሥርዓት ሁሉ ቅዱስ ለማድረግ እንዳልተነሣሁ ተረዱልኝ።

የእርቅ መሥዋዕት ለመናፍስት ወይም ለአያቶች ነፍስ የሚቀርብ ከሆነ አማኝ በዚያ ውስጥ ድርሻ የለውም። ስለ ኃጢአታችን የቀረበው አንዱ መሥዋዕት ሁለተኛ አያስፈልገውም (ዕብ. 10)። በዚህ ቀደምት ወንጌላውያኑ ትክክል ነበሩ፤ ስለዚያም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ዱቡሻው ለሁሉም ክፍት አለመሆኑንም መሸፈን አይገባንም። ሴቶች በዚያ ተቀምጠው እንደ ወንዶቹ አይናገሩም ነበር። ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ዝቅ ተደርገው ከሸንጎው ይገለሉ ነበር። ድስቱን የሠራችው ሴት በድስቱ ከሚበሉት ጋር አትቀመጥም። ወንጌል ይህን ግድግዳ አፍርሷል (ገላ. 3፥28)። ይሁን እንጂ እኛም ልንኮራ አንችልም፤ በጸሎት ቤቶቻችን አብረዋቸው እየዘመሩ ልጃቸውን ለልጃቸው ለመዳር የሚፀየፉ ሰዎች ዛሬም አሉና።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። ሁሉም ነገር በሽምግልና አይጨረስም። የተደፈረች ልጅ፣ የተጠለፈች ተማሪ፣ ባሏ የሚደበድባት እህት «በሽማግሌ ጨርሱት» ሲባል ሽምግልናው የበዳይ መሸሸጊያ ይሆናል። ለልጅቱ የደረሰው ካሣ ለአባቷ የተሰጠ ከብት ከሆነ ያ እርቅ አይደለም። ወንጀል ወደ ሕግ ይሂድ። ባለ ሥልጣናትን ክፉ አድራጊን እንዲቀጡ የሾመ እግዚአብሔር ነው (ሮሜ 13)። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ በር የከፈተው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ፈቃድ የሚለውን ቃል አትለፉት። የተገደደ ሰው አልታረቀም፤ ዝም ብቻ ነው ያለው።

ከሣሩ ጋር የጣልነው

ይህን ሁሉ ከለየን በኋላ ምን ይቀራል? እኔ እንደማየው የቀረው ብዙ ነው፤ የቀረው ሁሉ ደግሞ በመጽሐፋችን የተጻፈ ነው።

እውነት ከሰላም ይቀድማል። በዱቡሻ «ይቅር ተባባሉ» የሚባለው መጀመሪያ ላይ አይደለም። መጀመሪያ ምን ሆነ? ማን ምን አደረገ? ተብሎ ይጠየቃል። በእኛ ቤት ግን ሁለት አገልጋዮች ሲጣሉ የምናደርገው ምንድን ነው? «ወንድሞች፣ ጠላት ነው በመካከላችሁ የገባው፤ ኑ እንጸልይ» እንላለን። እጅ ለእጅ አያይዘን፣ ዓይን አስጨፍነን፣ አስተቃቅፈን እንሸኛለን። የተሰረቀው ገንዘብ አልተነሣም፤ የጠፋው ስም አልተመለሰም። በሦስተኛው ወር ጠቡ በእጥፍ ይመለሳል። ኤርምያስ በዘመኑ የነበሩ ካህናትንና ነቢያትን የገሠጸው በዚሁ ነው፤ የሕዝቡን ቁስል በላይ በላዩ እየሸፈኑ ሰላም በሌለበት ሰላም ነው ይሉ ነበር (ኤር. 6፥14)። ጸሎት የእውነት ምትክ ሆኖ አልተሰጠንም።

የበደለ ይክሳል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን የተናገረው ስለ ስሜቱ አልነበረም፤ ስለሚመልሰው ገንዘብ ነው፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)። ጌታም መዳን ወደዚያ ቤት መድረሱን ያወጀው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ «በጌታ ይቅር በለኝ» ማለት ዕዳ የሚሰረዝበት ቃል ሆኗል። የወንድሙን ብር በልቶ፣ በመድረክ ላይ አልቅሶ፣ ብሩን ሳይመልስ የሚቀመጥ ሰው አለ። አበዳሪው ብሩን ቢጠይቅ «ይቅር አላልክም እንዴ?» ይባላል። ይህን የሚሰማ ያላመነ ጎረቤታችን ወደ ዱቡሻው ቢመለስ ይፈረድበታል?

ከጎሜ ፍርሃት ነፃ ወጥተናል፤ ከኑዛዜም አብረን ነፃ የወጣን መሰለን እንጂ። አባቶቻችን ፈርተው ይናዘዙ ነበር። እኛ ፍርሃቱ ስለተወገደልን በፍቅር ልንናዘዝ ሲገባን፣ ጭራሽ መናዘዙን ተውነው።

የተበደለው ይነሣል። ጌታችን በተራራው ስብከት፣ መባ ይዞ በመሠዊያው ፊት የቆመ ሰው ወንድሙ በእርሱ ላይ ነገር እንዳለው ቢያስታውስ መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዟል (ማቴ. 5፥23-24)። በሌላ ቦታ ደግሞ ወንድምህ ቢበድልህ አንተ ሂድ ይላል (ማቴ. 18፥15)። አስተውሉ። በድለህ ከሆነ ሂድ፤ ተበድለህም ከሆነ ሂድ። ቁጭ ብሎ «እርሱ ይምጣ» የሚል ሰው በሁለቱም ቃል ቦታ አላገኘም።

የአርባ ምንጭ ሽማግሌዎች ያሳፈሩኝ በዚህ ነው። የወንጌልን ቃል እኛ በቃላችን ይዘነዋል፤ በዚያች ሰዓት በጉልበታቸው ያደረጉት እነርሱ ናቸው።

እኔም በችሎት

ይህን የምጽፈው ከዳር ሆኜ አይደለም። አዲስ አበባ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የምገለግልበት ጉባኤ ከዓመታት በፊት በአመራርና በሕንፃ ምክንያት ለሁለት ተከፈለ። ነገሩ ችሎት ደረሰ። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች በማያምኑ ፊት ስለ መካሰሳቸው ሲወቅስ፣ ብትበደሉ አይሻልምን የሚል ጥያቄ አቅርቦላቸዋል (1ኛ ቆሮ. 6፥1-8)። ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ። ከዚያም ለምስክርነት ተጠርቼ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዤ ማልሁ፤ በሌላው ወገን የቆመው ለአሥራ አንድ ዓመት አብሬው የጸለይኩት ወንድም ነበር።

ያልኩት ውሸት አልነበረም። ግን አውቄ ያላልኩት ነገር ነበር። እርሱን የሚጠቅም አንድ እውነት አውቅ ነበር፤ አልተጠየቅሁምና ዝም አልኩ። የእኛ ወገን አሸነፈ። የምስጋና ፕሮግራምም ተደረገ። «አሜን» ስል በልጅነቴ በአባቴ ቤት ያልኩት «አሜን» ትዝ አለኝ።

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ለቡና የሚጎዘጎዝ ቄጤማ ከጉልት ገዛሁ። ሻጯ «ለስንት ሰው ነው ጋሼ?» አለችኝ። ለአንድ ሰው ነው አልኳት። ሳቀች። ወደዚያ ወንድም ቤት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ከደቡብ አይደለም፤ የሣሩን ነገር ያወቀው አልመሰለኝም። ቄጤማውን በእጄ እንደያዝኩ ችሎት ላይ የደበቅሁትን ነገርኩት። መንበርከክ ግን አልቻልኩም። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ነበርን፤ ጎረቤቶች ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ አፈርኩ። እርሱም ረጅም ጊዜ አየኝና «ግባ፤ ስለዚያ ነገር ግን ዛሬ አናውራ» አለኝ። ቡና ጠጣን። ስለ ልጆቻችን አወራን። ስወጣ ቄጤማውን ሚስቱ በማሰሮ ውኃ አድርጋው አየሁ።

ታርቀናል ብዬ ልጽፍላችሁ አልችልም። የደበቅሁትን ነገር ለሁለቱ ጉባኤዎች ሽማግሌዎች ጽፌ ሰጥቻለሁ። በእኔ ወገን ያሉ አንዳንዶች ከዚያ ወዲህ ሰላም አይሉኝም። እንደገና እሄዳለሁ። ምናልባት በሚቀጥለው ጉልበቴ ይታዘዝልኛል።

ምን እናድርግ?

ለጉባኤዎቻችን ሽማግሌዎች አንድ ልመና አለኝ። ሽማግሌ የሚለው ስማችሁ ከአገሩ የተወሰደ ነው፤ ሥራውም አብሮ ይምጣ። በጀት ማጽደቅና ሰባኪ መመደብ ብቻ ከሆነ ሥራችሁ፣ ያ የኮሚቴ ሥራ ነው። በየጉባኤው የታወቀ የእርቅ ቀን ይኑር። ሰዎች መጥተው ሳይቋረጡ የሚናገሩበት፣ ነገሩ እስኪጠራ የሚሰማበት፣ ካሣው የሚቆረጥበት ይሁን። በዚያ የእህቶች ድምፅ ይሰማ፤ ከአስታራቂዎቹም መካከል ይቀመጡ። ወንጀል ሲሆን ደግሞ ሳታመነቱ ተበዳይዋን ይዛችሁ ወደ ሕግ ሂዱ። የጌታ እራት ከመቅረቡ በፊት ያለው ሳምንት ደግሞ ለመዝሙር ልምምድ ብቻ ሳይሆን ቤት ለቤት ለመሄድ ይሁን።

በገጠር ላላችሁ ወገኖች፦ የቀበሌው ሽማግሌዎች ሲጠሩአችሁ ሁልጊዜ «እኛ የጌታ ነን» ብላችሁ አትቅሩ። መሥዋዕት ካለ በትሕትና «በዚህ አልካፈልም» በሉ፤ እውነትን ለመናገርና ለመስማት ግን ተቀመጡ። እናንተ ከሌላችሁበት ሸንጎ ማን ስለ ድሀው ይናገራል? ስለ ሸክላ ሠሪዋ ማን ይቆማል?

ጌታን ገና ያላወቅህ፣ ይህን ጽሑፍ እያነበብክ ያለህ ወዳጄ ሆይ፣ ለአንተም ቃል አለኝ። ምናልባት በእኛ በአማኞች ጠብ ተሰናክለህ ይሆናል። ተሰናክለህ ከሆነ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ነገር ግን ከእኛ አልፈህ ወደ እርሱ እንድትመለከት እለምንሃለሁ። በእግዚአብሔርና በእኛ መካከል በነበረው ጠብ በዳዮቹ እኛ ነበርን፤ ድንበሩን የገፋነው እኛ ነን። የተበደለው ግን «ይምጡ» ብሎ አልተቀመጠም። ገና ጠላቶች ሳለን እርሱ ወደ እኛ መጣ (ሮሜ 5፥8-10)። እግር ሊያጥብ ዝቅ አለ፤ በመስቀልም ሞተ። የጋሞ ሽማግሌ በሣሩ እውነተኛ ነገር አሳይቷል፤ ሣር ግን ይደርቃል፤ ሰውንም ከሰው ቢያስታርቅ ኃጢአትን አይደመስስም። ሁለቱን አንድ ያደረገው፣ የጥልን ግድግዳ ያፈረሰው ሰላማችን ክርስቶስ ነው (ኤፌ. 2፥14-16)። ዛሬ በደጅህ ቆሟል። አልፈኸው አትሂድ።

እናንተም ወገኖቼ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ የአንድ ሰው ስም በልባችሁ መጥቶ ከሆነ፣ መባውን አስቀምጡት፤ ዝማሬውም ይቆይ። ስልክ አትደውሉ፤ ሂዱ። እውነት ከእናንተ ጋር ብትሆንም ሂዱ። አባቴ የተፈረደለት ሰው ነበር።

የሰላም አምላክ ጉልበታችንን ያላላልን። ጸጋ ይብዛላችሁ።